ቮልስ፣ ለዓመታት የቆመን ማጽዳት

ቮልስ በኢትዮጵያ የቮልስዋገን ቢትል መጠሪያ ነው። መኪናው እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር።

ጉዳት። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በሚገኙት ከተሞች፣ በግቢ የቆመ ቮልስ ዋና ጠላቱ የክረምት እርጥበት ነው። ዝገት በተለይ ወለሉንና ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ ማስቀመጫ ይበላል። በሰልባትዮው የቀረ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል።

አጸዳድ። ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ ይደርቃል፤ የዛገው ላሜራ ይፈተሻል። የአይጥ ጎጆ ከማራገቢያው ሽፋን ካልወጣ አየር ስለሚታፈን ሞተሩ ይግላል። የደረቁ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎች ለእሳት ስለሚዳርጉ ይቀየራሉ፤ ሰልባትዮውና ካርቡሬተሩ ይታጠባሉ። የሞተር ዘይቱ 2.5 ሊትር ያህል ነው፤ ፊልትሮ ስለሌለው የሽቦ ማጥለያው ይታጠባል። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመራል፤ ሞተሩም ቁልፍ ከመጠምዘዙ በፊት በእጅ ይዞራል። ፍሬኑ ሳይታደስ መኪናው መንገድ መውጣት የለበትም።

ቀለም። አቧራው በብዙ ውሃ ይለቀቃል እንጂ በደረቅ ጨርቅ አይፈገፈግም፤ ይቧጭራልና። የመጀመሪያው ቀለም አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ስለዚህ የቤተሰብን ትዝታ ለያዘ መኪና ከአዲስ ቅብ ይልቅ ያለውን አጥቦ መወልወል ይመረጣል።