«የማሳወቂያ ሰንሰለት» ወይስ ነጋሪት?

በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ያለ አንድ አሠራር «የማሳወቂያ ሰንሰለት» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይቆረቁረኛል። ሰንሰለት በአማርኛ የሚያስር ነገር ነው፤ ማሳወቂያ ደግሞ ዕውቀት ይሰጣል ተብሎ የሚጠበቅ ቃል ነው። ሊሰየም የተፈለገው አሠራር ግን አያስርም፤ ብዙም አያሳውቅም።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ አይጠፋም፤ ስክሪኑ ደብዘዝ ይላል፣ ባትሪው መሙላቱን ትቶ መስጠት ይጀምራል። በሊኑክስ፣ ቻርጀሩን የሚመራው ድራይቨር ለውጥ መኖሩን አንድ ጊዜ ይናገራል፤ አስቀድመው የተመዘገቡ ክፍሎች በየተራ ይጠራሉ። ልብ በሉ፦ መልእክቱ «ተለወጠ» ከማለት አያልፍም። ምን እንደተለወጠ፣ ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደቀረው ማወቅ የሚፈልግ ክፍል ራሱ ይጠይቃል።

በ«ማሳወቂያ ሰንሰለት» ፋንታ «ቅብብሎሽ» ያሉ አሉ። ያማረ ቃል ነው፤ ግን እዚህ ተቀባይ ለተቀባይ አያቀብልም፤ ሁሉንም የሚጠራው አንድ ጠሪ ነው። «ልፈፋ» ደግሞ የገበያ ጩኸት ይሆንብኛል። «አዋጅ» ልቤን ወስዶት ነበር። ሥሩ የግእዙ ዖደ፣ ማለትም ዞረ ነው፤ ዐዋዲ እየዞረ የሚናገር ሰው ነው። ዛሬ ግን ቃሉን ሕግ ወስዶታል፤ «የኃይል አዋጅ» ብንል አንባቢ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ን ያስባል።

የእኔ ምርጫ ነጋሪት ነው። በግእዝ ነጋሪ ለወንድ፣ ነጋሪት ለሴት፤ የምትናገር ማለት ነው። ድሮ ነጋሪት ስትጎሰም ሰው ጆሮውን ያቀና ነበር እንጂ ዝርዝሩን ከከበሮዋ አያገኝም ነበር፤ እሱን የሚያነበው ሌላ ነበር። የድራይቨሩ ጠባይ ይኸው ነው። የጦርና የቤተ መንግሥት ቃል ነው የሚል ካለ፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ የሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣ በሚል ስም መሆኑን ያስታውስ።

መንዝም አሠራሩን ያውቀዋል። የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የአጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና የሚከፈትበት ቀን ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ላይ ይነገር ነበር። ቤት የሚከድነውም ገመድ የሚገምደውም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ሣሩን ለምን እንደሚያውለው ነጋሪው አይወስንለትም ነበር።

ነጋሪት ግሡንም ይዞ ይመጣል። «የቻርጀሩ ድራይቨር ነጋሪት ጎሰመ፤ የባትሪው ድራይቨር ሰማ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። «የማሳወቂያ ሰንሰለቱን ጥሪ አከናወነ» የሚል የመማሪያ ጽሑፍ ግን ተማሪውን ከገዛ ቋንቋው ያርቀዋል፤ ቋንቋችን ይህን ያህል ደሀ አይደለም። ከተጠሩት አንዱ ዙሩን የሚያቋርጥበት ጊዜም አለ፤ ለዚያም «ነጋሪቱን አስቆመ» ማለት ይበቃል።