«ይተኛሉን?»፦ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ከቤተ ሙከራ እስከ ደጎሎ

በደቡብ ወሎ ጃማ ወረዳ በደጎሎም ሆነ ከዚያ ወዲያ በመካነ ሰላም ደጋ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሕመምተኛ «ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ» ሲል ይሰማል። በዚህ አነጋገር እንቅልፍ እንዲሁ የሚጎድል ነገር አይደለም፤ የሚነሣው አለ። የአማርኛ ተናጋሪ በሦስት ቃላት የሚገልጸውን ይህን ግንኙነት ሳይንስ በቤተ ሙከራ ለማረጋገጥ ረጅም ዘመን ወስዶበታል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1936 በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሃንስ ሴልዬ፣ አይጦች በብርድም ሆነ በመርዝ ወይም በጉዳት ሲሠቃዩ፣ የሥቃዩ ዓይነት ቢለያይም አድሬናል ዕጢያቸው እንደሚያብጥና ጨጓራቸው እንደሚቆስል አስታወቀ። የዘመናዊው የ«ስትረስ» ጥናት መነሻ ይህ ነው። አማርኛ ለዚህ ቃል ሁለት አቻ ሰጥቶታል። «ውጥረት» ቆዳን ወጥሮ ከማድረቅ የመጣ ስለሆነ ለሴልዬ አሳብ ይቀርባል፤ «ጭንቀት» ግን ስሜቱንም ሕመሙንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ለሐኪም አሻሚ ነው። በ1953 በቺካጎ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተኛ ሰው ዓይኖች በየጊዜው በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ ሲገልጹ፣ እንቅልፍ የአንጎል ዝምታ ነው የሚለው እምነት ፈረሰ። በ1968 ደግሞ ብሩስ ማክዌንና ባልደረቦቹ የአይጥ አድሬናል ዕጢ የሚያመነጨው የውጥረት ሆርሞን ሂፖካምፐስ በተባለው፣ ለትውስታ ዋና በሆነው የአንጎል ክፍል ውስጥ እንደሚያዝ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የተከታተሉት ጥናቶች ነገሩ በሁለት በኩል የሚሄድ መሆኑን አስረዱ፦ ውጥረት እንቅልፍን ይነሣል፤ የእንቅልፍ እጦትም በማግሥቱ ማታ የኮርቲሶልን መጠን ከፍ ያደርጋል። በ2013 እንቅልፍ አንጎልን «ያጥባል» የተባለው የአይጥ ጥናት ብዙ ወሬ ቢያስነሣም፣ በ2024 የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት ተቃራኒውን በማሳየቱ፣ ይህን ለሕመምተኛ እንደ ተረጋገጠ ነገር ማስተማር ገና ያስቸኩላል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የአእምሮ ጤና ጥናት ከሆስፒታል ግቢ ወደ ኅብረተሰቡ የወጣው በ1960ዎቹ ነው። ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊልና ባልደረባው ቫን ላይክ በ1969 በአንዲት አነስተኛ የኢትዮጵያ ከተማ ያለውን የአእምሮ ሕመም አጥንተው አሳተሙ። በዚያን ጊዜ የአእምሮ ሕሙማን መጠጊያ አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ ከደጎሎ ለሚነሣ በሽተኛ የስንት ቀን መንገድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት እንዲሠራበት ያዘጋጀው፣ «አዎ» ወይም «የለም» ተብሎ የሚመለስ መጠይቅ መጣ። ከ20ዎቹ ጥያቄዎች 1ኛው ስለ ራስ ምታት፣ 2ኛው ስለ ምግብ ፍላጎት፣ 3ኛው ስለ እንቅልፍ ነው። ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በ1988 ኮርትማንና ቴን ሆርን ባሳተሙት ጥናት፣ ኢትዮጵያውያን ተጠያቂዎች ጥያቄዎቹን እንዴት እንደተረዷቸውና ለምን እንደዚያ እንደመለሱ ሲመረመር፣ «አዎ» የተባለው ሁሉ ጠያቂው ያሰበውን «አዎ» እንዳልሆነ ታየ።

የእንቅልፉን ጥያቄ ብቻ ብንመለከት ምክንያቱ ይገባናል። «ተኛ» ማለት በአማርኛ ጋደም አለም ነው፣ እንቅልፍ ወሰደውም ነው፣ ሆስፒታል ገባም ነው። «ሌሊት ይተኛሉን?» ተብላ የተጠየቀች እናት ከመደብ ላይ ወጥታ እስኪነጋ ዓይኗ ፈጦ ብታድርም፣ ተኝታለችና «አዎን» ልትል ትችላለች። «እንቅልፍ ይወስድዎታል?» የሚለው ግን ሌላ መልስ ያመጣል። የዚህ ዓይነቱ ልዩነት የቋንቋ ሊቃውንት ክርክር ብቻ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን የምርመራ ውጤትን ይለውጣል።

ይህን ጉድለት ለማረም ብዙ የተደከመው በቡታጅራ ነው። በ1990ዎቹ በዚያ በተደረገ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶች በዚሁ መጠይቅ ተጠይቀው፣ 17 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው በ1999 ታትሟል። በ2008 ደግሞ ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ ከወሊድ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ችግርን ለመለየት ሁለት መጠይቆችን ሲያነጻጽሩ፣ በብሪታንያ ለወላዶች የተዘጋጀው የኤዲንብራ መጠይቅ ለአገሩ እንደማይመች፣ ባለ 20ው የተሻለ እንደሆነ ተገነዘቡ። በዚያው ዓመት በጅማ ዞን በግልገል ጊቤ አካባቢ የተደረገ ጥናት የምግብ ዋስትና ማጣት ከድብርትና ከጭንቀት ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳየ።

የዚህ የመጨረሻው ግኝት ትርጉም በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የረሀብ ዘመን ላለፈ የወሎ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። በዋልካ መሬት የሚያርሰው የጃማ ገበሬ ዝናቡ ሲዘገይ ወይም ውሃው ሲተኛበት ሌሊቱ ይረዝማል። ሆኖም የደጋው ሰው ከእንቅልፉ የሚነሣው በጭንቀት ብቻ አይደለም። አዝመራ ጥበቃ አለ፤ ለሰዓታት የሚነሣ አለ፤ በረመዳን ለሱሑር የሚነቃ አለ። ይህን ሁሉ «የእንቅልፍ መታወክ» ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው፤ ከዚህ የተነሣ ሌላውንም ንቆ ማለፍ ይብሳል።

በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና፣ በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያው በቁጥር ጨምሯል። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያም የአእምሮ ሕክምናን ስፔሻሊስት ላልሆነ ሠራተኛ አቅርቦታል። ይሁንና በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል «እንቅልፍ አጣሁ» ላለች ሴት ዳያዜፓም ወይም ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ዛሬም የሚያጓጓ አቋራጭ ነው። በዚያው መጠይቅ 17ኛው ጥያቄ ሕይወትን የማጥፋት አሳብ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። በ3ኛው «አዎን» ያለች ሴት እዚያ ሳትደርስ ክኒን ይዛ ከወጣች፣ 17ኛውን የሚጠይቃት ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።