ጠፍጣፋ ቺንጋና ፑሊ

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ ሞተር ብዙ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው በጠፍጣፋ ቺንጋ ነበር። ፍጥነቱን የሚወስነው ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር፣ የፑሊው፣ ዲያሜትር ነው፤ 60 ሳንቲሜትሩ 30 ሳንቲሜትሩን ሲነዳ ትንሹ በእጥፍ ይፈጥናል።

ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ጉልበት ያባክናል የሚል ትችት አለ። ልክ ነው፤ ጥርስ ለጥርስ የተያያዘ ማሽን አይንሸራተትም። ነገር ግን የጭሮ ከተማ ወፍጮ ድንገት ቢነክስ፣ ቺንጋው ተንሸራቶ ወይም ወልቆ ሞተሩን ያተርፋል። ይህ ለጭሮ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የባቡር ሐዲድ በሚኤሶ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደጋው ላይ ያለችው ጭሮ ከመስመሩ ውጭ ቀርታለች። እንዲህ መለዋወጫ ከሩቅ ለሚመጣበት ከተማ፣ እዚያው ተሰፍቶ የሚቀጠል ቺንጋ ከሚሰበር ጥርስ ይሻላል። ከባዱ ትችት ሌላ ነው፦ ያልተከለለ ቺንጋ ነጠላና እጅ ይጎትታል። ወፍጮ ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ በሽቦ ከልሉት።