የልጅ ሞፈር፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የእንጨት መጫወቻ እንደ ታሪክ ማስረጃ

ስለ ጎጃም ታሪክ የተጻፈውን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የነገሥታቱንና የራሶቹን ስም፣ የገዳማቱን አመሠራረትና ጦርነት የተደረገበትን ቀን ነው። ገበሬው በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚነሣው ግብር ሲከፍል ወይም ሲዘምት ነው፤ ልጁ ግን ከናካቴው አይነሣም። ይህች አጭር ጽሑፍ የምትመረምረው በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር አባት ለልጁ፣ ወይም እረኛው ለራሱ፣ ከእንጨት የሚሠራውን መጫወቻ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ጽሕፈት ባልገባበት ቤት የተሠራ ዕቃ ስለ ዘመኑ የሚመሰክረው አለው። ምስክርነቱን ከመስማታችን በፊት ግን አሠራሩን ማወቅ ይገባል።

አገሩ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ዳሞት ሲባል የኖረ የእህል አገር ነው። ከመካከሉ ያለችው ማንኩሳ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ምክንያት ሩቅ ላለው ሰው እንኳ ስሟ እንግዳ አይደለም። ጤፍና በቆሎ ይዘራበታል፤ የሚታረሰውም በጥማድ በሬ ነው። ስለዚህ ወንድ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው መጫወቻ ሞፈርና ቀንበር መሆኑ አያስደንቅም።

የልጅ ሞፈር የሚሠራበት መሣሪያ ፋስ፣ ቢላዋና ወስፌ ነው፤ ሌላ የለም። ሠሪው መጀመሪያ የሚፈልገው ቀጥ ያለ እንጨት ሳይሆን ባላ ነው። ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ ዛፍ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ቅርንጫፍ ከጎኑ ሌላ ቀጭን ቅርንጫፍ ያወጣበትን ቦታ መርጦ ይቆርጣል። ወፍራሙ፣ ከባላው በላይ ያለው ጫፉ አንድ ጋት ያህል ቀርቶለት ይሾላል፤ ይህ ማረሻው ነው። ከባላው በታች ያለው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይተዋል፤ እንጨቱ ሲገለበጥ ይህኛው ወደ ላይ ይመጣና እርፍ ይሆናል። ከጎን የወጣው ቀጭኑ ቅርንጫፍ ደግሞ ሁለትና ሦስት ስንዝር ረዝሞ ሞፈር ይሆናል። እንግዲህ በእውነተኛው ዕቃ ለየብቻ ተጠርበው የሚጋጠሙት እርፍና ሞፈር፣ በልጁ ዕቃ ላይ ዛፉ ራሱ አጋጥሟቸው የበቀሉ ናቸው።

ቅርፊቱ እርጥብ ሳለ በቢላዋ ይላጣል። የተላጠውም ልጥ አይጣልም፤ ከፋስ የተረፉ ሁለት ጠፍጣፋ ፍላጮች ከማረሻው ግራና ቀኝ ተደርገው ድግር እንዲሆኑ በርሱ ይታሰራሉ። ቀንበሩ ቀላል በትር ነው፤ ነገር ግን አራቱ የማነቆ ቀዳዳዎች ትዕግሥት ይጠይቃሉ። መሰርሰሪያ ስለሌለ ወስፌው በፍም ይግልና ደጋግሞ ይወጋል፤ ቸኩሎ በቀዝቃዛ ወስፌ የሚወጋ ሰው ቀንበሩን ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቅና የልጁን እጅ እሾኽ እንዳይወጋው በጨርቅ ይታሻል። በሬዎቹ ከጭቃ ይሠራሉ፤ ወይም ሁለት የበቆሎ ቆረቆንዳዎች አራት አራት እግር ተሰክቶላቸው በሬ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙው ድኻ ገበሬ ያለው አንድ በሬ ነው፤ ስለዚህ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ተራ እየገባ ያርሳል። በልጆች ጨዋታ ግን መቀናጆ አይቼ አላውቅም። ቆረቆንዳ ሞልቷልና እያንዳንዱ ልጅ ባለ ጥማድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የገበሬው ማረሻ ብረት ነው፤ ድግሩን የሚይዘው ወገልም ብረት ነው። ገበሬው እንጨቱን ራሱ ይጠርባል፤ ለብረቱ ግን ወደ ቀጥቃጩ መሄድ ግዴታው ነው። ቀጥቃጩ ደግሞ በአገራችን ምን ዓይነት ስም ሲሰጠው እንደ ኖረ እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት፣ ስድቡ ሥር ስለ ሰደደ ነው። ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሸው ገበሬ ያለ ቀጥቃጩ አንድ ትልም አያወጣም ነበር።

በልጁ ሞፈር ላይ ግን ብረት የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አባት ብቻውን ሠርቶ የሚጨርሰው ሞፈር ይህ ብቻ ነው። ሁለተኛም፣ ይኸው አባት በባለ እጅነት መጠራትን እንደ ውርደት ቢቆጥርም፣ ለልጁ ሲጠርብና ሲፋቅ ውሎ ማንም ባለ እጅ አይለውም። እንግዲህ በዚያ ኅብረተሰብ የተናቀው የእጅ ሥራው ራሱ አልነበረም፤ ሥራውን መተዳደሪያ አድርጎ፣ ርስት ሳይኖረው በርሱ የሚኖረው ሰው ነበር ማለት ነው። ስለ ባለ እጆች የተጻፉ ጽሑፎች «ገበሬው የእጅ ሥራን ይንቃል» ብለው ሲያልፉ ይህን ልዩነት ይዘሉታል። የልጅ መጫወቻ ማስረጃ ይሆናል ያልኩት ስለዚህ ነው።

የእንጨቱን ምሥጢር የተረዳሁት ተሳስቼ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእንጨት ሥራ ተምሬ ነበር፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ምስማርና ሙጫ ነበረን። ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ለታናሽ ወንድሜ ሞፈር ሠራሁለት፤ ከጣውላ ለክቼ፣ በመጋዝ ቆርጬ፣ በምስማር አጋጥሜ። አባቴ አገላብጦ አየውና ምንም ሳይናገር መለሰልኝ። ዕቃው ከቀትር በፊት ከመጋጠሚያው ተሰበረ። መጋዝ የእንጨቱን ጅማት እያቋረጠ ያልፋል፤ ባላ ግን ጅማቱ ሳይቋረጥ ከእርፉ ወደ ሞፈሩ ይዞራል። መጋዝ የለመደ ዐይን የሚሻው ቀጥታውን እንጨት ነው፤ ፋስ የለመደ ዐይን ደግሞ ጠማማውን። በማግሥቱ አባቴ ከጓሮ አንድ ባላ ቆርጦ አመጣና፣ ዕለቱ በዓል ስለ ነበር ፋሱን አስቀምጦ በቢላዋ ብቻ ፋቀው። ያ ሞፈር ክረምቱን ሁሉ አረሰ።

ይህ የእርሻ መሣሪያ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሰሜን መሄድ ያስፈልጋል። በትግራይ፣ በአዲግራት አቅጣጫ ባለው አምባ ፎካዳ በዓለት ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች መካከል በጥማድ በሬ የሚያርስ ሰው አለ። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው የኢትዮጵያ ግብርና ታሪክ መጽሐፍ፣ ከ1800 ወዲህ ያለውን የደጋውን ገበሬ ሕይወት የተረከው ይህንኑ ሞፈርና በሬ መሠረት አድርጎ ነው። እንግዲህ የልጁ ሞፈር ከትልቁ ሞፈር ጋር አብሮ የኖረ ከሆነ፣ በቅርጹ ብቻ ተመልክተን ዘመኑን ልንወስን አንችልም፤ ያለፈው ዓመትና የጥንቱ አንድ ይመስላሉ።

የገና ዱላና የቡሄ ጅራፍም እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለታኅሣሥ 29፣ ሁለተኛው ለነሐሴ 13 በየዓመቱ ይዘጋጃሉ። ለሴቶቹ ልጆች አባት የሚጠርብላቸው ጥቂት ነው፤ ቢበዛ ትንሽ እንዝርት፤ እርሷም መጫወቻ ከመሆኗ ሥራ ማስለመጃነቷ ይበልጣል።

ዘመኑ ሊታወቅ የሚችለው መጫወቻ መኪናው ነው። በደጋው አገር ጭነት የሚጓዘው በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ስለ ነበር ገበሬው ለመንኰራኵር ሥራ አልነበረውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን በመንኰራኵር ወደ መቅደላ ሲያጓጕዙ መንገዱን እየጠረጉ መሄዳቸው የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ባለ መንኰራኵር መጫወቻ በቡሬ ገጠር ካገኘን፣ ሠሪው ወይም ያስተማረው ሰው መኪና ያየ መሆን አለበት። መኪና ደግሞ በዚህ አገር በብዛት የታየው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። የጣሊያን ጦር ቡሬን መሽጎባት ቆይቶ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ለቆ ሄደ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሱዳን ጠረፍ ተነሥተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

የመኪናው አሠራር ለፋስ አይመችም። ድቡልቡል ግንድ በፋስ ተቆርጦ ቀጭን መንኰራኵር አይወጣውም፤ ይሰነጠቃል። መጋዝ ያለው የቤት ሠሪ ዘንድ ሄዶ ከባሕር ዛፍ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ልጆች ግን ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ቆርኪ ለቅመው መሐሉን በምስማር ይበሱታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ የዚህን አገር ኮረብታ ሸፍኖታል፤ ወይራው ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውጭ እየሳሳ ነው። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ያድጋል እንጂ ለሞፈር የሚበቃ ባላ እንደ ልብ አይሰጥም። የልጅ ሞፈር እየቀነሰ የመጣው ከገበያ በመጣው የፕላስቲክ መጫወቻ ብቻ አይመስለኝም፤ ባላው ራሱ እየጠፋ ነው።

የውጭ አገር ሊቃውንት ለጨዋታችን ከእኛ ቀድመው አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1928ና በ1929 ጎጃምን የጎበኘው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል፣ በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ በፓሪስ አሳትሟል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክርም ዕቃዎቹን በሰው ዕድሜ ተራ ሲያሳይ ለልጅነት ቦታ ሰጥቷል። የልጅ ሞፈር ግን ለቤተ መዘክር አይመችም፤ ክረምት ሲወጣ ልጁ ይረሳውና እናት ከምድጃ ትከተዋለች።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ እረኛ ልጅ አገኘሁ። የያዘው የባላ ሞፈር ነበር፤ ነገር ግን በቀንበሩ የጠመደው በሬ ሳይሆን አራት ቆርኪ ያላት የእንጨት መኪና ነው። ለምን በሬ እንዳልጠመደ ብጠይቀው፣ መኪናዋ ሣር አትበላም አለኝ። ዕቃውን ለጥናት እንዲሸጥልኝ ለመንኩት፤ ዋጋም ጨመርኩ። እምቢ አለኝ። ስለዚህ በእጄ ያለው በእርሳስ የነደፍኩት ሥዕልና በስንዝር የለካሁት ልኩ ብቻ ነው፤ ሞፈሩ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ እርፉ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ማረሻው አንድ ጋት።