ካሜራው አይቷል፤ ካሜራውን ግን ማን አየው?

ከመካከላችን የአንዷ ስልክ የተሰረቀው ጣሪያው ላይ አራት ካሜራ በተሰቀለበት ካፌ ውስጥ ነው። ሮጠን ወደ ካሸሯ ሄድን። «አታስቡ፣ ሁሉም ተቀድቷል» አለችን። እውነትም ተቀድቷል። የሌባው ኮፍያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊቱ ግን የለም። ከጣሪያ ስር የተሰቀለ ካሜራ የሚያየው የሰው አናት ብቻ ነዋ!

ያን ዕለት ማታ ስንስቅም ስንናደድም ቆይተን አንድ ጥያቄ ተነሳ፤ ለመሆኑ ይህ ነገር መጀመሪያ የተሠራው ለምን ነበር? ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ታሪክ ሌባ አልነበረበትም። ሮኬት፣ የባሕር ወለልና የአንዲት ነርስ በር ነበረበት። (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ብለን ካልጠቀስን በስተቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ሮኬቱ

1942። ጀርመኖች ባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ፔነሙንደ በተባለ ቦታ፣ በኋላ ቪ-2 የተባለውን ሮኬት ይሞክራሉ። ሮኬቱ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ እዚያው ይፈነዳል። ቀርቦ ማየት ሞትን መድፈር ነው። ዋልተር ብሩኽ የተባለ መሐንዲስ ካሜራ ማስወንጨፊያው አጠገብ አስተክሎ ምስሉን በሽቦ ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰደው። ለሕዝብ የማይሰራጭ፣ ከካሜራው ተነስቶ ለተፈቀደለት ስክሪን ብቻ የሚደርስ ቴሌቪዥን ማለት ነው። ዛሬ ሲሲቲቪ የምንለው ይኸው ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ያ ካሜራ አይቀዳም ነበር። ሰው ስክሪኑ ፊት ካልተቀመጠ ያየው ሁሉ ባክኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ካሜራው ከአደጋ የጠበቀው መሣሪያውን የሚሠሩትን ነው፤ በኋላ ሮኬቱ የወደቀባቸውን የለንደንና የአንትወርፕ ነዋሪዎች አልነበረም። (ይኸው ብሩኽ ከጦርነቱ በኋላ ፓል የተባለውን የቀለም ቴሌቪዥን ስልት ፈጠረ። አዎ፣ የድሮ ዴኮቻችን ላይ የተጻፈው ያው ፓል!)

ባሕሩ

ኤፕሪል 16 ቀን 1951 አፍሬይ የተባለች የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ 75 ሰዎች ይዛ ለልምምድ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ደህና ነኝ ማለት ሲገባት ዝም አለች።

ፍለጋው ወደ ሁለት ወር ፈጀ። የእንግሊዝና የፈረንሳይ መለያ የሆነው ባሕር ከሁለት የዓለም ጦርነቶች የተረፈ የመርከብ መቃብር ነው። ሶናር ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን እያዳመጠ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይላል፤ የማን እንደሆነ ግን አይነግርም። ለእያንዳንዱ ማሚቶ ጠላቂ መላክ ደግሞ ከባድ ነው። ሞገዱ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከታች የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፣ ብርዱም አለ። ስለዚህ የቴሌቪዥን ካሜራ ውኃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ከትተው፣ መብራት ጨምረውለት፣ ሪክሌም ከተባለችው መርከብ በገመድ አወረዱት። ጁን 14 ቀን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የተኛችው መርከብ ስም በስክሪን ተነበበ፤ አፍሬይ።

ለምን ሶናር ይቀድማል? ውኃ ብርሃን ይበላል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀዩ ቀለም ነው። መብራት ሲበራ ደግሞ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል። እንጦጦ ጭጋግ ውስጥ ረጅሙን መብራት ያበራ ሾፌር ያውቀዋል። ስለዚህ የባሕር ካሜራ የሚያየው ቅርቡን ብቻ ነው። የት መውረድ እንዳለበት ሌላ ሊነግረው ይገባል።

ባሕር ውስጥ መፈለግ ምን እንደሚመስል እኛም ቀምሰነዋል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን በረራ 409 ከቤይሩት እንደተነሳ 90 ሰዎች ይዞ ሜዲትራኒያን ውስጥ ሲወድቅ፣ የበረራ መረጃ መቅጃው እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ጠብቀናል። የሬዲዮ ዜና ሰዓት የሚፈራበት ሁለት ሳምንት ነበር።

በሩ

ሦስተኛዋ ባለታሪክ ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን ናት። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ። የእሷም የባሏ የአልበርትም የሥራ ሰዓት የተዘበራረቀ ስለነበር ሌሊት ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰፈሩ ወንጀል የበዛበት ነው፤ ፖሊስ ተጠርቶ ቶሎ አይደርስም። በሩ ሲንኳኳ ሄዶ «ማነው?» ማለት ራሱ ያስፈራል።

ከባሏ ጋር መፍትሔ ሠሩ። በሩ ላይ ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩ ቀዳዳዎች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንቀሳቀስ ካሜራ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ስክሪን፣ ከውጭ ካለው ሰው ጋር የሚያነጋግር ማይክሮፎን፣ በሩን ከርቀት የሚከፍትና እርዳታ የሚጠራ ቁልፍ። ማመልከቻው በ1966 ገባ፤ ፓተንቱ ዲሴምበር 2 ቀን 1969 ተሰጣቸው። ቀዳዳዎቹ ለምን በዙ? ረጅምም አጭርም፣ ሕፃንም ይመጣላ! ሜሪ የካፌያችን ባለሙያ ያላሰበውን አስባለች፤ ካሜራ በፊት ቁመት ላይ መሆን አለበት።

የእኛ አራት ካሜራ

ሦስቱን ስናስተያይ አንድ ነገር አየን። በሦስቱም ስክሪኑ ፊት ጥያቄ ያለው ሰው ተቀምጧል። ሮኬቱ ምን ሆነ? ይህች መርከብ እሷ ናት? በር ላይ ያለው ማነው? ቪዲዮ መቅጃ ከረከሰ በኋላ ግን የሚያይ ሰው ሳይኖር ማየት ተቻለ። ካፌው ውስጥ አራት ካሜራ አለ፤ ስልኩ ሲወሰድ የሚያየው አልነበረም።

ሌላም አለ። የሜሪ ስክሪን በሜሪ መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። ማንን እንደምታይ የወሰነችው እሷ ናት። የእኛ ፊት የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ ካሸሯን ጠየቅናት። «እኔ እንጃ፣ ባለቤቱ ነው የሚያውቀው» አለች። የሌባው ፊት የለም፤ የደንበኞቹ ግን ሞልቷል፣ እኛ ተቀምጠን ነበርና።

የአፍሬይ ነገር እንዲህ ቀረ። የተሰበረው የአየር ቱቦዋ በካሜራ ታየ፣ ወጥቶም ተመረመረ። ለምን ሰጠመች የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ 75ቱም እዚያው ናቸው። ስሟ በመነበቡ ግን ቤተሰቦቻቸው ቢያንስ የት እንዳሉ አወቁ።

ስልኩ አልተገኘም። ኮፍያውን ያየ ካለ ሰማያዊ ነው።