ቤዛ ብረት

«ስትራክቸራል ፊውዝ» የሚባለውን የምህንድስና ቃል እዚህ «ቤዛ ብረት» ብዬዋለሁ። በብረት ሕንፃ ውስጥ የሚገባ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ጉዳቱን ለብቻው የሚቀበል፣ ኋላም ወጥቶ በሌላ የሚተካ አጭር ቁራጭ ነው። በፊውዝነቱ እንዳንተወው የሚያግድ ነገር አለ። የቆጣሪ ፊውዝ ሲቃጠል መስመሩን ይቆርጣል፤ ሕንፃ ላይ ግን የተቆረጠ ነገር ፎቅ ይዞ ይወርዳል። ቤዛው ይጣመማል እንጂ እንዲበጠስ አይፈለግም፤ እየተጣመመም ጭነቱን አይለቅም።

ይህን የሚያስችለው የብረቱ ጠባይ ነው። አንድ ሜትር ተራ የግንባታ ብረት ሲሳብ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ድረስ ቢለጠጥ፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ አይመለስም፤ ሆኖም ሳይበጠስ ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። በሁለቱ መሃል የነውጡ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ያልቃል።

ቦታው እንዲህ ነው። በሁለት ኮለኖች መካከል ሁለት ሰያፍ ብረቶች ወደ ላይኛው ቢም ይወጣሉ፤ ጫፋቸው አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኝ አይደረግም፣ መሃል ላይ ጥቂት ክፍተት ይተዋል። በክፍተቱ ውስጥ የቀረችው የቢም ቁራጭ ቤዛዋ ናት። ኮለኑ፣ ሰያፉ፣ ብየዳው፣ መሠረቱ ሁሉ ሆን ተብሎ ከእሷ እንዲበረታ ይሰላል። እዚህ ላይ ነው ልምድ ያለው ሰው የሚሳሳተው፦ ደግ ፎርማን «ትጠንክር» ብሎ ላሜራ ቢያስለጥፍባት ጉዳቱን ወደ ኮለኑ ይልከዋል። ኮለን ደግሞ ተፈቶ አይለወጥም።

አሠራሩ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በኢጎር ፖፖቭና ባልደረቦቹ ተፈተነ። ብዙ ትምህርት የተገኘባት ግን የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ናት። በየካቲት 2003 ዓ.ም. ነውጥ 185 ሰዎች ሞቱ፤ ሳይወድቁ የቆሙ ብዙ ሕንፃዎችም መጠገን አላዋጣ ብሎ ፈረሱ፤ በመሃል ከተማው ብቻ የፈረሱት ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ሰው አድኖ ከተማ ማጣት ማለት ነው። ባለ 22 ፎቁ የብረት ሕንፃ ፓስፊክ ታወር ግን የተጎዱት ቁራጮች ተቆርጠው በአዲስ ተተክተውለት ቆመ። ያኔ የተበየዱ ስለነበሩ ሥራው ከባድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በብሎንና በዳዶ የሚታሰሩ ተለመዱ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ስምጥ ሸለቆ ዝም ብሎ አያውቅም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ፣ በ1953 ካራቆሬና ማጀቴ፣ በ1961 ሰርዶ፣ በየካቲት 2017 ደግሞ በአዋሽና ፈንታሌ አካባቢ መጠኑ 6.0 የደረሰ ነውጥ ተከስቷል። ጌዴኦም የአባያን ሐይቅ ቁልቁል እያየ የተቀመጠው በዚሁ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ነው።

ታዲያ እዚያው ጌዴኦ ውስጥ ዱመርሶ ላይ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚያሠራ ሰው ቤዛ ብረት ይግዛ? አይመስለኝም። የነውጥ ኃይል የሚያድገው በክብደት ልክ ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ አንድ ወለል መጋዘን ቀላል በመሆኑ ብዙ ጊዜ ነፋሱ ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ለእሱ የሚበጀው የኮለኑ እግር ብሎኖች መጥበቃቸው፣ «መኪና አላስገባ አለ» ተብሎም ሰያፉ አለመቆረጡ ነው። ሰያፍ ሲቆረጥ ማን ይጠይቃል!

ዲላ ላይ በብረት የሚቆም ባለ ብዙ ፎቅ ሆስፒታል ወይም የተማሪዎች ማደሪያ ከታሰበ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ ሆስፒታል ከነውጡ ማግስት መዘጋት የለበትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውና የአውሮፓውን ኮድ የተከተለው የአገራችን የሕንፃ ደረጃም ይህን ዓይነት ቁራጭ ያውቀዋል፤ አጭሩ ቁራጭ እስከ 0.08 ራዲያን፣ አራት ዲግሪ ተኩል ያህል፣ እንዲጣመም ይፈቅዳል። የቸገረው ስሌቱን ከቢሮ እስከ በያጁ ማድረስ ነው። ፕላኑ በእንግሊዝኛ ይሣላል፣ በያጁ በአማርኛ ወይም በጌዴኦኛ ይታዘዛል። ስለዚህ ቁራጯ በሌላ ቀለም ትቀባና «ቤዛ፤ አይበየድበት፣ አይበሳ» የሚል ይጻፍባት።