ከዐድዋ ድል ጎን የተቀመጠ እውነት



በእኛ ገርጂ የካቲት 23 ሲደርስ ተማሪዎች የአገር ባህል ልብስ ለብሰው፣ ከካርቶን ጋሻ ሠርተው እየፎከሩ ያልፋሉ። ሳያቸው ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ግን ከወጣቶቻችን አንዱ ከጸሎት በኋላ ቀረበኝና፣ “ፓስተር፣ አያቴ ከሐማሴን ናቸው። ወንድ አያታቸው ከዐድዋ በኋላ እጃቸውና እግራቸው እንደተቆረጠ ይነግሩናል። ክፍል ውስጥ ብጠይቅ መምህሩ ‘ይህ የባንዳ ወሬ ነው’ አሉኝ። እውነቱ የቱ ነው?” አለኝ።

እውነቱ አያቱ የነገሩት ነው።

በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የኢጣሊያ ጦር ድል ሲሆን ብዙ ጣሊያኖች ተማረኩ። ከእነርሱም ጋር በኢጣሊያ ሥር የተዋጉ፣ አብዛኞቹ ከዛሬዋ ኤርትራ የሆኑ አስካሪ የሚባሉ ወታደሮች ተያዙ። ጣሊያኖቹ እስከ አዲስ አበባ መጥተው፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። 800 ያህል አስካሪዎች ግን እንደ ከሃዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ።

በዘመኑ የከሃዲ ቅጣት እንዲህ ነበር፤ ይህንንም ለልጆቻችን መንገር ይገባል። ግን ሌላም የሚነገር አለ። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል የአስመራ አካባቢ ጭምር ለኢጣሊያ ተለቅቆ ነበር። ባዕድ ምርኮኛ ምሕረት ሲያገኝ፣ አገሩ በውል የተሰጠበት ወንድም ግን አካሉን አጣ።

ወገኖቼ፣ ይህን መናገር ዐድዋን ያሳንሳልን? አያሳንስም። ነጻነታችንን ያስከበሩ አባቶችና እናቶች ክብራቸው የተጠበቀ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት ጎልያድን መጣሉን ተርኮ በኦርዮ ላይ ያደረገውን አልደበቀም። ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ የኦርዮን ስም አላለፈውም። በነህምያ 9 ሕዝቡ ቆሞ የአባቶቹን ኃጢአት ሲናዘዝ፣ አባቶቹን መናቁ አልነበረም።

ደግሞ እኛ ከሌሎች የምንጠይቀውን አስቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ስለፈሰሰው ደም የኢጣሊያ ልጆች እውነቱን እንዲማሩ እንፈልጋለን። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ አዝነናል፤ ተቃውመናል። ልክ ነበርን። ታዲያ ለእነርሱ አንድ ሚዛን፣ ለራሳችን ሌላ ሚዛን ልንይዝ ነው? ምሳሌ 20፥10ን አንብቡ።

ወላጆች፣ መምህራን፣ የሰንበት ትምህርት አገልጋዮች ሆይ፤ ልጅ በቤቱ የሰማው እውነት በክፍል ሲካድበት ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ በአያቱ ያፍራል፣ ወይ አገሩን ይጠላል። እኛ ደግሞ ሁለቱንም አንፈልግም። እውነት የቆመበት ኩራት ግን ሲጠየቅ አይደነግጥም።

ያን ወጣት፣ “ታሪኩን ከአያትህ አፍ ጻፈው፤ በሚመጣው የካቲትም ከጓደኞችህ ጋር ፎክር” አልኩት። ሁለቱም የእርሱ ናቸው።

ጌታ እውነትን የምንናገርበትን ድፍረት፣ የምንሰማበትንም ትሕትና ይስጠን። አሜን።